«እግዜር ይስጥህ»፦ ስለ ጸሎት ጥቅምና ወሰን

በቋንቋችን አንድን ጸሎት ለሁለት ተቃራኒ ጉዳዮች እናውለዋለን። አንድ ሰው መልካም ሲያደርግልን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ይህ ምስጋና ነው። ለማኝ እጁን ሲዘረጋልን ደግሞ ኪሳችንን ሳንነካ «እግዜር ይስጥህ» እንለዋለን፤ ይኸኛው እምቢታ ነው። ለማኙም ወዲያው ይገባዋል። ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚጠራውም አምላክ ያው ነው። የሚሠራው ሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው ሰው የተደረገለትን ውለታ እሱ ከፍሎ እንደማይጨርሰው ዐውቆ ከእሱ ለሚበልጠው ያስተላልፈዋል። ሁለተኛው ግን ራሱ ሊከፍለው የሚችለውን ሳንቲም ወደ ሰማይ ያስተላልፋል። አንዱ ዕዳውን ያምናል፤ ሌላው ከዕዳው ይሸሻል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይመነጫል። ጸሎት በዕለት ኑሮአችን ውስጥ ምን ይሠራል? ወሰኑስ የት ላይ ነው? የትኛው ጸሎታችን የምስጋናውን «እግዜር ይስጥልኝ»፣ የትኛውስ የእምቢታውን «እግዜር ይስጥህ» ይመስላል?

ነገሩን በአየር ላይ ከማንሳፈፍ አንድ ከተማ ይዘን እንነሣ። አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ሻሸመኔ ሳይደረስ፣ በዋናው የሐዋሳ መንገድ ላይ የተዘረጋች የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የሙነሳ ደን ያለበት ተራራ አለ፤ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ሐይቆች አሉ። ጎሕ ሳይቀድ አዛን ይሰማል። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይከተላል። እሑድ ረፋዱ ላይ የጴንጤዎቹ መዝሙር ከየአዳራሹ ይወጣል። በገጠሩ ደግሞ የአርሲ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እርጥብ ሣር ጨብጠው ለአቴቴ የሚወጡበት ጊዜ አለ። ገበሬው ስንዴውና በቆሎው እንዳይደርቅበት ይጸልያል። አረቄ የምታወጣው እናት ገበያ እንዲቀናት ትጸልያለች። ሾፌሩ ከመሪው በላይ ሥዕል ወይም የቁርዓን ቃል ሰቅሎ ያልፋል። ተማሪው የፈተናው ወረቀት ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ በዚህች ከተማ የማይጸልይ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ «እንጸልይ ወይስ አንጸልይ?» ብሎ መከራከሩ ብዙ አያራምደንም። «ስንጸልይ ምን እያደረግን ነው?» ብሎ መጠየቁ ግን ያዋጣል።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛውን ከእኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበሩ ብዙ ተማሪዎች፣ በተለይም የ1960ዎቹ ትውልድ፣ ያውቁታል። ጸሎት ያልተማረ ሰው መሸሸጊያ ነው፤ ሐኪም ሲመጣ፣ ትራክተር ሲመጣ፣ ትምህርት ሲስፋፋ ቦታውን ይለቃል የሚል ነበር። እነሆ ሐኪሙም መጣ፤ ትራክተሩም በአርሲ የስንዴ ማሳ ላይ ከገባ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ጸሎት ግን ቦታውን አልለቀቀም። ሐኪሙ ራሱ ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቱ በፊት ያማትባል ወይም ቢስሚላህ ይላል።

ሁለተኛው መልስ የዛሬው ነው። ሁሉም ነገር በጸሎት ይሆናል፤ ቪዛውም፣ ሥራውም፣ ትዳሩም፣ ፈውሱም። ያልሆነልህ እንደሆነ ጸሎትህ አንሷል፤ እምነትህ ጎድሏል። በየግድግዳው የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያየ ሰው ይህን መልስ አያጣውም።

እነዚህ ሁለት መልሶች ጠላቶች ይመስላሉ እንጂ አንድ ሐሳብ ይጋራሉ። ሁለቱም ጸሎትን እንደ መሣሪያ፣ እንደ ዶማ ወይም እንደ ፓምፕ ያዩታል። አንደኛው መሣሪያው አይሠራም ይላል፤ ሁለተኛው በደንብ ይሠራል ይላል። መሣሪያ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

መሣሪያ ከሆነ ሊለካ ይገባል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ለኩትም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በእ.ኤ.አ. 1872 ባወጣው ጽሑፍ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ነገሥታት ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ይጸለይላቸዋል፤ ስለዚህ ጸሎት የሚሠራ ከሆነ ከሌላው ባለጠጋ ይልቅ ዕድሜአቸው መርዘም አለበት። ቆጥሮ ሲያይ ግን እንዲያውም ከሌሎቹ አጥሮ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቆይቶ፣ በእ.ኤ.አ. 2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 1,802 ሕሙማን በሦስት ከፈለ። ሁለቱ ወገኖች ይጸለይላቸው ይሆናል፣ ላይጸለይላቸውም ይችላል ተባሉ። ከእነዚህ መካከል ከተጸለየላቸው 52 ከመቶው፣ ካልተጸለየላቸው 51 ከመቶው ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጤና መወሳሰብ ገጠማቸው። ሦስተኛው ወገን በእርግጥ እንደሚጸለይለት ተነግሮት ተጸለየለት፤ በእሱ ዘንድ ቁጥሩ ወደ 59 ከመቶ ወጣ።

የመጀመሪያው ወገን ይህን ሰምቶ «ይኸው፣ አላልንም?» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ጸላዮቹ እምነት አልነበራቸውም» ይላል። እኔ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር እንማራለን እላለሁ። የሚያምን ሰው ራሱ በዚህ ውጤት ሊደነግጥ አይገባውም። በወንጌሉ ታሪክ ሰይጣን ኢየሱስን ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው፣ የተሰጠው መልስ አምላክን አትፈትን የሚል ነበር። በእስልምናም በኩል ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ ለመመካት ላሰበው ሰው መጀመሪያ እንዲያስረው፣ ከዚያ እንዲመካ መምከራቸው የታወቀ ነው። ሃይማኖቶቹ ራሳቸው ጸሎት ቁልፍ እንደ መጫን እንዳልሆነ ከጋልተን በፊት አውቀውታል። ሁልጊዜ የሚሠራ ጸሎት ቢኖር ኖሮ እኮ ጸሎት መሆኑ ይቀርና ቴክኒክ ይሆናል፤ አምላክም ሠራተኛችን ይሆናል።

ታዲያ መሣሪያ ካልሆነ ምንድን ነው? እዚህ ላይ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ይገጥመናል። አምላክ ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ የሚያስፈልገንን ሳንነግረው ያውቃል። መልካምም ከሆነ ሳንለምነው ይሰጣል። ታዲያ ልመናው ለምን አስፈለገ? በሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ደራሲው ማን ነው በሚለው ሊቃውንት ቢከራከሩበትም፣ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ በዋሻ የተቀመጠው ሰው ዳዊቱን ይዞ ሲጸልይ ከቆየ በኋላ ቆም ብሎ የሚሰማኝ አለን? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከካዲነት የመጣ አይደለም፤ ሲጸልይ የነበረ ሰው ነው የጠየቀው። ሙስሊሙ ሊቅ አል ጋዛሊ ደግሞ ለተመሳሳይ ጥያቄ ሲመልስ ጸሎትን በጋሻ ይመስለዋል። ፍላጻው የተወሰነ ነው ብሎ ጋሻውን የሚጥል ወታደር የለም፤ ጋሻውም የውሳኔው አንድ ክፍል ነውና። ዝናብም ለዘሩ መብቀል ምክንያት እንደሚሆን ሁሉ ጸሎትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ይላል።

የጋዛሊ ምሳሌ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጋሻ የሚይዘው የቆመ ሰው ነው። ጋሻውን ከፊቱ አስቀምጦ የሚተኛ ሰው ፍላጻው ያገኘዋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ልመና የሚያስፈልገው አምላክ እንዲያውቅ ሳይሆን ለማኙ እንዲያውቅ ነው። የምንፈልገውን ነገር ጮክ ብለን ከእኛ በሚበልጥ ፊት ስንናገረው መልኩ ይለወጣል። አንዳንዱ ፍላጎት በልብ ውስጥ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል፤ ወደ ጸሎት ሲለወጥ ግን አፍ ላይ ይቆማል። «ጌታ ሆይ፣ የጎረቤቴ ሱቅ ይዘጋልኝ» ብሎ በድፍረት የሚጸልይ ነጋዴ ስንት ነው? «አላህ ሆይ፣ በ120 ስነዳ ከፊቴ ሕፃን እንዳይገባ አድርግልኝ» ብሎ ቃሉን በትክክል የሚጨርስ ሾፌር አለ? ቃሉን ቢጨርሰው እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣ ነበር። ስለዚህ የጸሎት አንደኛው ጥቅም ወንፊትነቱ ነው። ፍላጎታችንን ያበጥረዋል፤ ልንለምነው የሚያሳፍረን ነገር ልንሠራውም የሚያሳፍር መሆኑን ይነግረናል።

ሁለተኛው ጥቅሙ ከሰው ጋር ያስታርቃል። ይህን በጽንሰ ሐሳብ ከማብራራት ወደ አርሲ ብንመለስ ይሻላል። ዝናብ ሲጠፋ ሦስት ዓይነት ጸሎት እናያለን። ሙስሊሞች ወደ ሜዳ ወጥተው የዝናብ ሶላት ይሰግዳሉ። ኦርቶዶክሳውያን ምህላ ይይዛሉ። የአርሲ ሴቶች ሲንቄ ይዘው በአቴቴ ዋቃን ይለምናሉ። ሥርዓታቸው ይለያያል፤ መግቢያቸው ግን ይመሳሰላል። የእስልምና ሊቃውንት ከዝናቡ ሶላት በፊት ሕዝቡ ንስሓ እንዲገባ፣ የወሰደውን የሰው ሐቅ እንዲመልስ፣ ምጽዋት እንዲሰጥ ይመክራሉ። ምህላም ያለ ጾምና ያለ እርቅ ባዶ ጩኸት እንደሆነ ካህናቱ ያስተምራሉ። ሲንቄማ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ናት። ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው በተጣሉ ሰዎች መሀል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ አልፎ መሄድ ነውር ነው። በዚያችው በትር ሰውን ያስታርቃሉ፤ በዚያችው በትር ዝናብ ይለምናሉ።

እስቲ ይህን እናስተውል። ሦስቱም ወደ ሰማይ ከማንጋጠጣቸው በፊት ወደ ጎን ያያሉ። የማን መሬት በግፍ ተወስዷል? ማን ከማን ተኳርፏል? ማን ተርቧል? ዝናቡ ይምጣም ይቅርም፣ ይህ የተደረገበት መንደር ካልተደረገበት መንደር የተሻለ ድርቁን ይችለዋል፤ የታረቀ ሰው እህል ይበዳደራልና። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በእ.ኤ.አ. 1981 ባሳተመው ጥናቱ የ1965/66 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ሲመረምር በጠቅላላው አገር የእህል ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ የወሎ ሰው ግን የሚገዛበት ገንዘብ እንዳጣ፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበረ አሳይቷል። ያን ጊዜ የጎደለው ጸሎት አልነበረም። እግዚኦታው ሞልቶ ነበር። የጎደለው ወደ ጎን ያየ መንግሥትና ወደ ጎን ያየ ባለጎተራ ነው።

አሁን ወደ ወሰኑ እንምጣ። የጸሎትን ወሰን እንደ አቢጃታ ሐይቅ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ የሚኖረው ከሌሎች በሚቀበለው ውሃ ነው። ከዝዋይ የቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ የሆራ ቀሎ ወንዝ ይመጡለታል። አሁን ሐይቁ በእጅጉ ሸሽቷል፤ ድሮ ውሃ የነበረበት ሰፊ ቦታ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ሆኗል። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። በዝዋይ ዙሪያና በቡልቡላ ዳር ለመስኖ ውሃ ይሳባል፤ ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሶዳ አሽ ለማምረት የሐይቁ ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች ሲገፋ ቆይቷል። ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው፤ ዓሣ ግን አይበዛበትም። ስለዚህ በሻላ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚለቅሙት ከአቢጃታ ነበር። አቢጃታ ሲነጥፍባቸው ተበተኑ።

ለዚህ ሐይቅ ምን ብለን እንጸልይ? «ዝናብ አውርድ» ብንል ዝናቡ ቢወርድ እንኳ ውሃውን ከላይ የሚስበው ፓምፕ አለ። ፓምፑን የተከለው ሰው ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው ሰው ነው፤ ሊቀንሰው የሚችለውም ሰው ነው። ሰው በእጁ የሠራውን፣ በእጁም ሊያቆመው የሚችለውን ነገር ወደ ሰማይ አቤት ማለት አድራሻ መሳሳት ነው። ደብዳቤው መሄድ ያለበት ወደ ወረዳው፣ ወደ ውሃ ቢሮው፣ ወደ ፓርኩ፣ ወደ እርሻው ባለቤት ነው። ይህን ሳያደርግ ለሐይቁ የሚጸልይ ሰው ለሐይቁ «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ያለፈ ሰው ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚቻለውን ሥራ፣ የማይቻለውን ጸልይ» የሚል ጓደኛ ይኖራል። ኧረ ቀላል አይደለም! አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ናት። በየግቢው ድፍድፉ በእሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የሚነደውም እንጨት ብዙ ነው፤ ከሙነሳ ተራራ ደን በአህያና በሰው ጀርባ ይወርዳል። ደኑ ይመናመናል፤ ጭሱ የእናቲቱን ዐይንና ሳንባ ይበላል፤ አረቄው ደግሞ ስንቱን ቤት እንደሚያፈርስ የሚያውቅ ያውቃል። ይህች እናት ማታ ተንበርክካ ልጆቿ ተምረው ከጭስ እንዲወጡ ትጸልያለች። ጠዋት እንደገና እሳቱን ታነዳለች፤ የደብተሩና የዩኒፎርሙ ገንዘብ ከዚያው እሳት ነውና።

ለእሷ «መጀመሪያ ደኑን አትርፊ፣ ከዚያ ጸልዪ» የምንል ከሆነ ግፈኞች ነን። በእጇ ያለው ምርጫ ጠባብ ነው። እንጨት የሚቆጥብ ምድጃ፣ ሌላ ሙያ፣ ብድር የሚያቀርብላት ካልተገኘ እሷ ብቻዋን ደን አታድንም። እንግዲህ ወሰኑ ለሁሉም ሰው አንድ ቦታ ላይ አይደለም ማለት ነው። እጁ አጭር የሆነ ሰው ጸሎቱ ረጅም ቢሆን አይፈረድበትም። እጁ ረጅም የሆነ፣ ማለትም ሥልጣን፣ ገንዘብ ወይም ዕውቀት ያለው ሰው ግን ጸሎቱን ሲያስረዝም ልንጠረጥረው ይገባል። አንድ ዐይነት ቃል ከድሀ አፍ ሲወጣ ልመና ነው፤ ከባለሥልጣን አፍ ሲወጣ «እግዜር ይስጥህ» ሊሆን ይችላል።

ይህን በትምህርት እናየው፤ የሁላችንም ጉዳይ ነውና። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ያን ዓመት በየቤተ እምነቱ ለተፈታኞች አልተጸለየም ወይ? በሚገባ ተጸልዮአል። እናቶች ጾመዋል፤ ስለት የተሳሉም አይጠፉም። መጽሐፍ በሌለበት፣ ቤተ ሙከራው ተዘግቶ በኖረበት፣ የፊዚክስ መምህር ሳይመደብ ዓመቱ ባለቀበት ትምህርት ቤት ላለ ልጅ «በርታ፣ እንጸልይልሃለን» ማለት ብቻውን ግን ዕዳን ወደ ሰማይ ማዞር ነው። ልጁም ውጤቱን ሲያይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ በመውደቁ፣ ሌላ ጊዜ አምላክ የተወው ስለሚመስለው። የሰዎችን ስንፍና በአምላክ ላይ ማላከክ ማለት ይህ ነው። ለእምነት ከዚህ የከፋ ጠላት የለም።

በሌላ በኩል ጸሎትና የእጅ ሥራ አብረው የሄዱበት ጊዜም አለ። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር፣ በእንጦጦ ማርያምና በሌሎች የጠበል ቦታዎች የነበሩ ብዙ ሕሙማን ግራ ተጋብተው ነበር። መድኃኒቱን የዋጠ እምነቱን የካደ የመሰለው ነበር፤ ጠበል ገብቼአለሁ ብሎ መድኃኒቱን ያቋረጠም ነበር፤ በዚያ ምክንያት ሰው ሞቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ምእመናን ሁለቱንም እንዲወስዱ በይፋ ተናገሩ። እንደዚህ ያለ ቃል ከሐኪም አፍ ቢወጣ ያን ያህል አይሰማም ነበር። ከጸሎቱ ቤት ስለወጣ ግን ሰዎች ኪኒናቸውን በጠበል ውጠው ኖሩ። ኮሮና የገባ ጊዜም እንዲሁ። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ ከመጋቢት 28 ጀምሮ የአንድ ወር ብሔራዊ ጸሎት ታወጀ። ጸሎቱ በቴሌቪዥን እየተላለፈ ሰው በየቤቱ ተከታተለው። ያ ጸሎት ሰውን ወደ አንድ ቦታ አልሰበሰበም፤ በየቤቱ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ቤት መቀመጡ ራሱ የጸሎቱ ክፍል ሆኖ ነበር። ጸሎት ግመሉን ሲያስር እንዲህ ነው።

ስለ ስለትም አንድ ቃል ልበል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ የሚጎርፈውን ሕዝብ፣ ሹካ የመሰለች በትሩን ይዞ ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘውን መንገደኛ በንቀት የሚያዩ አሉ። ከአምላክ ጋር ንግድ ነው ይላሉ፤ ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ። ንግድነት የለውም ብዬ አልከራከርም። ግን ስለቱን ሊያደርስ ስንት ቀን የሚጓዝ ሰው አንድ ነገር እያደረገ ነው፤ የተቀበለውን አልረሳም። እኛ ዲግሪያችንን ከያዝን በኋላ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩንን መምህር ለማየት የአንድ ቀን መንገድ የምንሄድ ስንቶቻችን ነን?

በመጨረሻ የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ ነው። እጅ ጨርሶ የማይደርስበት ቦታስ? ሐኪሙ «ወደ ቤት ውሰዷት» ያላት እናት፣ በመንገድ አደጋ የሞተ ልጅ፣ ዘመዱ የት እንደ ደረሰ የማያውቅ ሰው። እዚህ ላይ ሥራ የሚለው ክርክራችን ይጠናቀቃል፤ ወሰን ያለው ጸሎት ብቻ አይደለም፤ እጅም ወሰን አለው። የእጅን ወሰን የማያምን ሰው ሕይወት ሲሰብረው የሚለው ነገር ያጣል። በዚህ ቦታ ጸሎት ምንም አይለውጥ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን ብቻውን አይተወውም። በለቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናችሁ» ስንል ሞቱን ልንመልስ አይደለም። ልብ በሉ፣ ያን ቃል የምንለው ባዶ እጃችንን ሄደን አይደለም። ዕድርተኛው ድንኳን ተክሏል፤ ጎረቤት እንጀራና ወጥ ተሸክሞ መጥቷል፤ ሰው ሌሊቱን አብሮ አድሯል። ቃሉ የሚያጸናው ድንኳኑ ውስጥ ስለተባለ ነው። በስልክ ብቻ የተባለ «እግዜር ያጽናህ» ምን ያህል እንደሚቀል ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ሐሳቤን ልጠቅልል። ጸሎት ፍላጎታችንን ያበጥራል፤ ከሰው ጋር ያስታርቃል፤ የተቀበልነውን ያስታውሰናል፤ እጅ በማይደርስበት ቦታ ከሰው ጋር ያስቀምጠናል። ወሰኑም ያለው ልናደርገው የምንችለውን፣ ልናደርገውም የሚገባንን ነገር በእሱ የምንተካበት ቦታ ላይ ነው። ያን ወሰን ካለፈ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል። ላሚቱን ሰማይ ላይ ያወጣናት እኛው ነን፤ ገለባ ላለማቅረብ ስንል።

የሚጸልይ ተማሪ ይህን ቢያነብ መጸለዩን እንዲተው አልጠየቅሁትም። አሜን ካለ በኋላ፣ አሁን የለመንሁት ነገር ከእኔ እጅ የሚጠብቀው ነገር አለ ወይ ብሎ አንድ ደቂቃ እንዲቀመጥ ነው የምጠይቀው። የማይጸልይም ተማሪ ቢያነብ ከዚህ ሸክም ነፃ አይደለም። አንዳንዶቻችን አምላክን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥተን «ሥርዓቱ ይስተካከል»፣ «መንግሥት ይስጥህ»፣ «ታሪክ ይፍረድ» ብለን በዚያው በለማኙ አጠገብ እናልፋለን። ለማኙ ልዩነቱ አይታየውም።

በዚህ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ በተለይም ወሰኑን ከዚህ አስፍቶ ወይም አጥብቦ የሚያይ፣ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። እኔም አነበዋለሁ።